የሐሙስ ሂና

ደጊቱ ሁለት እጇን ለእናቷ አሳልፋ መስጠት ከጀመረች ስምንት ወር ሞላት። ሐሙስ ሐሙስ ከፋብሪካ ስትመለስ፣ አሚሻቭ ከሚባለው ሰፈር ካለው ሦስተኛ ፎቅ ቤታቸው፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። እናቷ ይሻሽ በሩን ትቀረቅራለች፣ መጋረጃውን ትስባለች፣ ከዚያ በወፍራም ሻይ የለወሰችውን ሂና በማንኪያ እየዛቀች ትለቀልቃታለች። መጀመሪያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን። ስታበቃ ሁለቱም እጆች በላስቲክ ከረጢት ይጠቀለሉና ሦስት ሰዓት ሙሉ ጭኗ ላይ ይቀመጣሉ። በዚያ ሦስት ሰዓት ውስጥ አፍንጫዋን ቢበላት የምታክላት እናቷ ናት፤ ውሃ ቢጠማት የምታጠጣት እናቷ ናት፤ በር ቢንኳኳ «ደጊቱ ተኝታለች» የምትለውም እናቷ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ በሳምንት አንድ ቀን እንደ ጨቅላ ትሆናለች።

ነገሩ የጀመረው ሱዳን፣ መጠለያው ውስጥ ሳሉ ነው። አንድ ቀን አውራ ጣቷ ላይ ዱቄት የነካት የሚመስል ነጭ ነጥብ አየች፤ አሸችው፣ አጠበችው፣ አልለቀቀም። አውሮፕላኑ አምጥቶ እስራኤል ካወረዳቸው ወዲህ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ እየሰፋ መጣ። ጣቶቿን ጨርሶ የእጇን ጀርባ ያዘ፣ ወደ አንጓዋ ወጣ፣ ጉልበቷ ላይና ከጡቷ ሥር ተዘረጋ። አያምም፣ አያሳክክም፣ አይሸትም። ሥራው መታየት ብቻ ነው።

ኩፓት ሆሊም የሚሉት ጤና ጣቢያ አንድ ቀን ወስደዋት ነበር። ሽበታሙ ሐኪም እጇን እያገላበጠ አየና ቀለም የሚሠራው የቆዳዋ ክፍል ሥራ እንዳቆመ፣ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ የማንም ጥፋት እንዳልሆነ በአስተርጓሚ አስረዳ። ክኒን ውጣ እንደ ቁም ሣጥን ባለ የመብራት ክፍል ውስጥ በሳምንት ሁለቴ ብትቆም ቀለሙ ሊመለስ ይችላል፤ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፈጃል፤ እርግጠኛ ነኝ ግን አላለም። ክኒኑን በዋጠች ቀን ጥቁር መነጽር አድርጋ ከፀሐይ መሸሽ አለባት። ደጊቱ እሺ ልትል አፏን ስትከፍት ይሻሽ ቀደመቻት፤ እናስብበታለን ብላ አመስግና ይዛት ወጣች።

የጤና ጣቢያው ኮሪደር ማለት የአሚሻቭ አደባባይ ነው። ራሱን ያመመውም፣ ወረቀት የሚያስሞላውም፣ ምንም ያላመመው ግን ወሬ የጠማውም እዚያ ይቀመጣል። በሳምንት ሁለት ቀን ጥቁር መነጽር አድርጋ የቆዳ ሐኪም በር ላይ የምትታይ ያላገባች ልጅ ምን እንዳገኛት ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። «ተድረሽ ስታበቂ ትታከሚያለሽ» አለቻት ይሻሽ መንገድ ላይ። ሐኪሙ ስሙን በፈለገው ቋንቋ ይጥራው፤ ለይሻሽ ለምጽ ለምጽ ነው።

ለምጽ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ኦሪት የሚለውን በጎንደር የቤተ እስራኤል ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ ካህኑ አይቶ ሰባት ቀን ይዘጋበታል፣ ካልለቀቀው ሰውየው ከሰፈር ውጭ ይቀመጣል። የሙሴ እኅት እንኳ ወንድሟን አምታ እንደ በረዶ ነጥታ ሰባት ቀን በሜዳ ከርማለች። በሐሜት የሚመጣ ቢሆንማ አሚሻቭ ከዳር እስከ ዳር በነጣ ነበር፤ ይህን ለይሻሽ ደፍሮ የሚነግራት ግን የለም። ሰው ሲጋባም ሽማግሌ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ፣ ደግሞም የተደበቀ ነገር እንዳይኖር። የእጮኛዋ የደሴ ወገኖች ሽማግሌ የላኩ ዕለት የደጊቱ አጎት አያ ታረቀ ተነሥቶ፣ እጁን ኦሪቱ ላይ ጭኖ፣ በሰባት ቤታችን ቁምጥና የለም፣ ለምጽ የለም ብሎ ማለ። ምስኪን፣ ምን ያውቃል! የእኅቱ ልጅ እጅ በሂና ያማረ ነው የሚመስለው። ይሻሽ በሩ አጠገብ ቆማ ሰምታ ዝም አለች። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የቆዳ ነገር መሆኑ ቀረና የመሐላ ነገር ሆነ።

ደጊቱ ሥራዋን የመረጠችው በቆሻሻው ነው። ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካዎች ሰፈር ውስጥ የቤት ዕቃ የሚቀባ ፋብሪካ አለ፤ ሴቶቹ ቡናማ ቀለም በጨርቅ እየነከሩ ወንበርና ጠረጴዛ ያሻሉ። እዚያ ፈረቃ የገባ ሰው እጁ እስከ ክርኑ ቡናማ ነው፤ ማንም የማንን እጅ አያይም። ችግሩ ሲወጡ ነው። ቀለሙን ለማስለቀቅ የሚታጠቡበት የሚያቃጥል ፈሳሽ ሂናውንም በየቀኑ ያሳሳባታል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ ታጥቦ እስኪወጣ መጨረሻ ትቀራለች። አንድ ቀን ሩማ የምትባል፣ ሮሽ ሃዓይን የምትኖር የመናዊት፣ የረሳችውን ሻርፕ ልትወስድ ተመልሳ ገባችና ቧንቧው ሥር አየቻት። ሩማ አልደነገጠችም። እነዚያ ፈረንጆች እዚያ በረንዳ ላይ እግራቸውን ገልጠው ለመጥቆር ይጠበሳሉ፣ አንቺ ሳትፈልጊ ትነጫለሽ፣ እግዜር ሥራ ፈትቷል መሰለኝ አለቻት። በማግስቱ በወረቀት ከረጢት ሂና አመጣችላት። እስከዚያ ቀን ይሻሽ የምትቀባት የጫማ ቀለም ነበር።

ደሴ የሚሠራው ከዚያው ሁለት መንገድ አልፎ፣ የብረት በር የሚበይዱበት ቤት ነው። ማታ አውቶቡሱ ማቆሚያ ላይ ይጠብቃታል። ዝምተኛ ነው፤ ሲናገርም ግማሹ ዕብራይስጥ ነው፣ ምክንያቱም ኡልፓን የሚሉትን የቋንቋ ትምህርት ከሁሉም ቀድሞ የጨረሰው እሱ ነው። አጠገቧ ቆሞ እጇን አየት ያደርግና እጅሽ ዓመቱን ሙሉ ሰርግ ላይ ነው ይላታል። እሷ ትስቅና እጇን ኪሷ ትከታለች። ትወደዋለች። ጠዋት ስትነሣ የምታስበው እሱን ነው፤ ያም ፍቅር ራሱ ያስጨንቃታል፤ ምክንያቱም የሚወዳት የትኛዋን እንደሆነ አታውቅም።

የምትፈልገው አንድ ነገር ነው። በቀን ብርሃን፣ በራሷ አፍ፣ ያልተቀባ እጇን ዘርግታ «ይኸው፣ ይሄ ነው እጄ» ልትለውና የሚመልሰውን ልትሰማ። እምቢ ካለ እምቢ ይበል፤ ታለቅሳለች፣ ታልፈዋለች። እሺ ካለ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ትተነፍሳለች። ሁለት ጊዜ ልትነግረው ሞክራ አውቶቡሱ ቀደማት። እውነቱን ለመናገር አውቶቡሱ አይደለም፤ የአጎቷ እጅ ኦሪቱ ላይ ሆኖ እየታያት ነው ምላሷ የታሰረው።

በወር ውስጥ እጇ የራሷ የሚሆንላት ሰባት ቀን አለ። አገር ቤት ሴት ልጅ ደሟ ሲመጣ ከቤት ተለይታ ጎጆ ትገባ ነበር። እዚህ ጎጆ የለም፤ ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ የአሚሻቭ ሴቶች ደጊቱም ሚርፔሰቱ ላይ፣ ማለት በመስታወት የተከለለችው ጠባብ ሰገነት ላይ፣ ፍራሽ ዘርግታ ትከርማለች። ሳህኗ ለብቻ፣ ኩባያዋ ለብቻ። ማንም አይነካትም፤ እናቷም አትነካትም፣ ስለዚህ አትቀባትም። ፋብሪካው ሲለቃት እዚያ ገብታ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ታደርግና ታያቸዋለች። ነጩ ከቡናማው ጋር የሚገናኝበት መስመር የጣና ዳርቻ ይመስላታል። ርኩስ በምትባልበት ሰባት ቀን ብቻ ነው እጇን የማትደብቀው፤ ሲያልቅ ታጥባ ትገባለች፣ ሐሙስ ይመጣል።

በዚህ መሃል ነው የትቪላው፣ ማለት የመነከሩ፣ ጣጣ የመጣው። ራቢዎቹ ከኢትዮጵያ የመጣ ሁሉ ጋብቻ ከመመዝገቡ በፊት በሚክቬ፣ በመንጻት ገንዳቸው፣ ይነከር አሉ። ሰዉ ተቃጠለ። ስንት ዘመን በኦሪት ስንኖር፣ ጎረቤት ስለ መታጠባችን ውሃ ውሃ ትሸታላችሁ እያለ ሲሰድበን ኖሮ፣ አሁን ገና አይሁድ ልታደርጉን ነው ወይ አለ። ይሻሽ መጀመሪያ ነገሩን ችላ ብላው ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ባይነሽ፣ ታችኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤት፣ የሷ ልጅ ከግርግሩ በፊት እንዴት እንደተነከረች ስታወራላት ስኒዋን አስቀምጣ አዳመጠች። ገንዳው ዘንድ የምትቆም ሴት አለች፤ ጥፍር ሥር ሳይቀር ትመረምራለች፤ ቀለም ካለ፣ ሂናም ቢሆን፣ ታስፍቃለች። የሙሽራው እናትም አጠገብ ትቆማለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከይሻሽ የበረታ የትቪላ ጠላት አልተገኘም። ሰዉ ኢየሩሳሌም ወርዶ የራቢዎቹ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት አስፋልት ላይ ሲቀመጥ እሷም ብርድ ልብሷን ይዛ ሄደች። ሦስት ሳምንት ተቀመጠች። ሽማግሌዎች ሲደክሙ እሷ ቆማ ትናገራለች፤ የአባቶቻችን አጥንት በሱዳን በረሃ የቀረው ለዚህ ነው ወይ ስትል ወንዱ ሁሉ ያለቅሳል። እሷም ታለቅሳለች፣ እንባውም የውሸት አልነበረም፤ የምታለቅሰው በአንድ ጊዜ ለሁለት ነገር ነው እንጂ። የደሴ እናት ፋንትነሽ አጠገቧ ተቀምጣ ይህን ስታይ ልቧ ቀለጠ። እንዲህ ካለች ሴት ቤት ልጄን ያገናኘልኝ አምላክ ይመስገን አለች። ዘመዶቿን እየጠራች ታሳያት ጀመር።

ሰልፉ ተበተነ፣ ነገሩ ግማሹ ተፈታ ግማሹ ተንጠልጥሎ ቀረ። በሌላ ከተማ ግን ሳያስነክር የሚመዘግብ ራቢ አለ ተባለ፤ ደሴና ደጊቱም ሄደው ተመዘገቡ። ይሻሽ በስምንት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ይኸው ነው።

ሰርጉ ሊደርስ ዐሥር ቀን ሲቀረው ፋንትነሽ ከደጃቸው ደረሰች፤ ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ነው የወጣችው። ደስ ብሏታል። ተቀመጪ ቢሏት ቆማ ነው የተናገረችው።

«የነሱን ገንዳ እምቢ አልን እንጂ ንጽሕናችንን መቼ ተውን፣ እመት ይሻሽ? እርስዎ አስተማሩኝ እኮ! ልጄን እንደ አገራችን በሚፈስ ውሃ ነው የማጠራት። ያርኮን ወንዝ እዚህ ሮሽ ሃዓይን አፍንጫ ሥር እየፈሰሰ ለምን በጣውላና በሸክላ ቤት ውስጥ! እሑድ ጠዋት ሴቶቹ ሁሉ ይመጣሉ።»

ይሻሽ ውሃው ይበርዳል አለች። ፋንትነሽ የአገራችንን ወንዝ የመገጭን ውሃ በታኅሣሥ ያስታውሱታል ወይ አለቻት። ይሻሽ ፖሊስ ይከለክላል አለች። አያ ታረቀ መኪና ያለው ሰው አግኝቷል፣ ቦታውንም አይቷል፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ሰው የማያይበት ጥግ ነው አለች ፋንትነሽ። ይሻሽ ልጅቷ ጉንፋን ይዟታል አለች። ፋንትነሽ ሳቀችና የእናት ሆድ እንዲህ ነው ብላ እጇን ሳመቻት። ልትወጣ ስትል ዞር ብላ ለደጊቱ ሂናሽን አስለቅቂ አለቻት፤ ሙሽራ ቀለም ይዛ ውሃ አትገባም፣ ስትመለሺ አዲስ ይቀቡሻል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚሉት ለይሻሽ የተባለ ይመስል ነበር።

በሩ ሲዘጋ ይሻሽ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እንሽሽ፣ ሰርጉን እናራዝም፣ ታመምሽ እንበል አለች። ደጊቱ ፈርታ ነበር። ነገር ግን ከፍርሃቱ ሥር አንድ ለማንም የማትናገረው ነገር ነበር፤ ደስታ። ከእሑድ በኋላ ሁሉ ነገር ይታወቃል። ያባርሯት ይሆናል፣ አጎቷ ይዋረድ ይሆናል፣ ብቻ ያልቃል። በሐሙሱ ቀን እጇን አልሰጥም አለች። እናቷ ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፣ አለቀሰች። ደጊቱ ገንዳ ውስጥ ሎሚና ጨው ይዛ እጇ እስኪላጥ ፈተገች።

እሑድ ጠዋት ስምንት ሴቶች በአንድ መኪና ታጭቀው የብርቱካኑን እርሻ አቋርጠው ወረዱ። ደጊቱ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ መሃል ተቀመጠች። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ሴቶቹ ነጠላቸውን አወለቁ፣ ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተው ግድግዳ ሠሩ። በፋንትነሽ ወገን ወግ ሙሽራዋን የወለደች እናት አታጠራትም፤ ስለዚህ ይሻሽ ከግድግዳው ውጭ ቀረች። ከግድግዳው ውስጥ የቀሩት ሁለት ናቸው፣ ደጊቱና ፋንትነሽ።

ደጊቱ ልብሷን አውልቃ ቀጥ ብላ ቆመች። እጇንም አልሸሸገችም፣ ደረቷንም አልሸፈነችም። ፀሐዩ በቅጠሉ መሃል ገብቶ አረፈባት።

ፋንትነሽ አየች። መጀመሪያ እጆቿን፣ ከዚያ ከጡቷ ሥር ያለውን፣ ከዚያ ጉልበቷን። ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ወዴት እንደሄደ አልታወቀም። ከውጭ ባይነሽ ገባች ወይ ብላ ጠየቀች። ደጊቱ አሁን ፋንትነሽ ትጮሃለች ብላ ጠበቀች፤ መጮኋን ፈልጋ ነበር ማለት ይቻላል።

«ገባች!» አለች ፋንትነሽ ጮክ ብላ። ደጊቱ ግን ገና ደረቅ መሬት ላይ ናት። ሴቶቹ እልል አሉ። በእልልታው መሃል ፋንትነሽ ክንዷን ይዛ ወደ ውሃው ጎተተቻትና ሦስት ጊዜ አጠለቀቻት፤ በሦስተኛው ትንፋሽ እስኪያጥራት አቆየቻት። ስትወጣ ከሁሉ በፊት ጋቢ አገጯ ድረስ ጠቀለለችባትና ጆሮዋ ሥር ተጠጋች።

«ስሚኝ። እኔ አላየሁም፣ አንቺም አላሳየሽኝም።»

ደጊቱ ጥርሷ እየተንገጫገጨ እመት ፋንትነሽ ብላ ጀመረች። ፋንትነሽ አላስጨረሰቻትም። አዳራሹ ተይዟል፣ ከሐይፋም ከዓፉላም ሰው ተጠርቷል። እናትሽን ኢየሩሳሌም ላይ ከሰው ሁሉ ፊት ወንድሞቼን ሰብስቤ አሞግሼያታለሁ። አጎትሽ በኦሪት ምሏል። ዛሬ ይሄ ቢወጣ ከአያ ታረቀ ቀጥሎ የምዋረድ እኔ ነኝ። ያመጣሁሽ እኔ፣ ያጠራሁሽ እኔ። ይህን ሁሉ የተናገረችው በንዴት አልነበረም፤ ቀስ ብላ፣ ጋቢውን እያስተካከለች ነው። ጥላቻ ቢኖርባት ለደጊቱ በቀለላት ነበር።

«እሺ» አለች ደጊቱ። «ለደሴ ግን እኔ ልንገረው። እለምንዎታለሁ። እኔ ራሴ ላሳየው።»

«የለም። እኔ እነግረዋለሁ። እኔ ስነግረው እምቢ አይልም።»

ደጊቱን ከውሃው ይልቅ ያቀዘቀዛት ይህ ነው። እሷ የፈለገችው እምቢ ማለት የሚችልበትን ቦታ ነበር። እምቢ ማለት የማይችል ሰው እሺ ቢል ምን ይጠቅማታል? ይህን ግን ለፋንትነሽ ማስረዳት አልቻለችም፤ ቃሉ አልመጣላትም። በምትኩ እስከ መቼ እንደምትደበቅ ጠየቀቻት።

ፋንትነሽ በእውነት አሰበችበት። «ልጆችሽ ተድረው እስኪወጡ» አለች። «ከዚያ በኋላ ማን ያይሻል።»

ነጠላው ተገለጠ። ሴቶቹ ከበው ሳሟት፣ ባይነሽ ዘፈን አወጣች። ይሻሽ የፋንትነሽን ፊት አየች፣ ፋንትነሽም የሷን፤ ሁለቱ ሴቶች ሳይነጋገሩ ተግባቡ። መኪናው ውስጥ ደጊቱን ግራና ቀኝ ሆነው መሃል አስቀመጧት። ጋቢው ሥር ቀኝ እጇን አንዷ፣ ግራ እጇን ሌላዋ ይዛ ነበር፤ እንዳይታይ።

ያን ቀን ማታ ይሻሽ ሂናውን ለውሳ መጣች። ደጊቱ እስከ ሐሙስ አልቀባም አለች። ሰርጉ ሐሙስ ነው፣ ሐሙስ ጠዋት ትቀቢኛለሽ፤ እስከዚያ ከቤት አልወጣም፣ ማንም አያየኝም አለቻት። እናቷ ይህን ያህል ታዛዥነት ስታይ ደስ ብሏት ሳህኑን ከደነችው። ደጊቱ ግን የምትጠብቀው ደሴን ነበር። ቢነገረውም ገና አላየም። መንገርና ማሳየት አንድ አይደለም፤ እናቱ የነገረችውን በጆሮው ሰምቷል፣ እጄን ግን በዓይኑ ገና ነው ብላ ተስፋ አደረገች። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ይህችን ተስፋ ይዛ ዋለች።

ሰኞ ከሥራ መልስ መጣ። ፊቱን ታጥቧል፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ብብቱ ሥር ጠፍጣፋ ሣጥን ይዟል። ይሻሽ ሻይ ላፍላ ብላ ወጥ ቤት ገባች። ደጊቱ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና ሁለት እጆቿን ዘረጋቻቸው፤ መዳፋቸው ወደ ታች፣ ጀርባቸው ወደ ብርሃኑ።

«እናቴ ነገረችኝ» አለ ደሴ። «በሰደር፣ ደኅና ነው፣ ምንም አታስቢ። ማንም አያውቅም።»

ዓይኑ ከሣጥኑ ወደ ፊቷ፣ ከፊቷ ወደ ሣጥኑ ይመላለሳል፤ ጠረጴዛው ላይ አያርፍም። ሌሊቱን እንዳልተኛ ያስታውቃል። ሣጥኑን ከፈተው። ውስጡ ከነወረቀቱ የተጣጠፈ፣ እስከ ክርን የሚደርስ፣ የዳንቴል ጓንት ነበር። መሃል ከተማ ካለው የሙሽራ ልብስ ቤት ነው የገዛው። እዚህ አገር ካላዎቹ፣ ሙሽሮቹ፣ ሁሉ ይሄን ያጠልቃሉ፣ ማንም ምን ሆና ነው አይልም፣ ሂናውም አያደክምሽም አለ። ብዙ እንዳሰበበት፣ ብዙ ቤት እንደዞረ ከአነጋገሩ ይታወቃል። እንደዚያ ቀን ብዙ ተናግሮ አያውቅም።

ራሱ ሊያጠልቅላት ፈለገ። ብረት የሚበይድ ወፍራም ጣቱን እየተጠነቀቀ፣ ዳንቴሉን እንዳይቀድ እየፈራ፣ ጣት በጣት እያስገባ እስከ ክርኗ አለበሳት። ያን ሁሉ ጊዜ የሚያየው ዳንቴሉን ነው። ደጊቱ አናቱን ከላይ እያየች ደግነቱ አንጀቷን በላው። ክፉ ቢሆን ጓንቱን አውጥታ በወረወረችው፤ ደግ ሰው ላይ ምን ይወረወራል?

«ልክሽ ነው» አለ፤ ላቡን ጠረገ። ከዚያ የቀኝ እጇን አመልካች ጣት ከጓንቱ አወጣት፤ ስፌቱ እዚያ ላይ ተተርትሮ በጥንቃቄ ተጠምዝዟል። «ራቢው ቀለበቱ ባዶ ጣት ላይ ነው የሚገባው ብሏል። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋን ይቺን ብቻ ክፈቺልኝ አልኳት። ይቺን እናትሽ ትቀባልሻለች።»

ደጊቱ ጣቷን አየቻት። ከዳንቴሉ ወጥታ ነጭ ሆና ቆማለች።

«ይቺንስ ሳልቀባት ብቀርስ?» አለችው።

ደሴ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከገባ ጀምሮ ሲስቅ ይህ መጀመሪያው ነው፤ የቀለለው መሰለ። «እንዴ ደጊቱ፣ ሰው ሁሉ የሚያየው እሷን እኮ ነው» አላት።

ደጊቱም ፈገግ አለችለት፤ መልሷን አግኝታለች። ጓንቱን ቀስ ብላ አወለቀች፣ እንደነበረ አጣጠፈችና አመሰገነችው። ከዚያ፣ እስከ ሐሙስ የምትጠብቀው ነገር ስላልቀረ፣ ወደ ወጥ ቤቱ ዞራ እናቷን ጠራችና ያ ሂና ተርፎ እንደሆነ ጠየቀቻት።